እሳት ያልነካው አይብ

ሰው በፍቅር ይታመማል ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ታመምኩ፤ ፍቅሩ በኋላ መጣ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ዓይኗ ሲደክም ሱቋን ለእኔ ለቃ፣ ሌላ ከተማ ካለች ልጇ ጋር ልትኖር ሄደች። ሱቅ እንበለው እንጂ አንዲት ክፍል ናት። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዬ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ፣ መሀል ላይ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ። ምድጃ የሚባል ነገር የለኝም። አክስቴ እሳትና ጨርቅ አንድ ጣሪያ ሥር አይውሉም ባይ ስለነበረች ከካውያ በስተቀር ትኩስ ነገር አስገብታ አታውቅም፤ እኔም በዚያው ቀረሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ በሩን ሞልቶ ገባና እቅፍ ሙሉ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። የአይብ ማጥለያ ነው፣ ጠርዙ እየተተረተረ አስቸገረን፣ ቀምቅሚልን አለኝ። ታጥቦ የደረቀ ስለነበር እኔም እንደማንኛውም ጨርቅ አገላብጬ አየሁት። ወዲያው ጣቶቼን በላኝ። ከዚያ መዳፌ ቀላ፣ ክንዴም እስከ ክርኔ ድረስ ሽፍ አለ።

«ይሄ ጨርቅ ምን ነክቶታል?» አልኩት።

«ወተት ነዋ። ሌላ ምን ይነካዋል?»

ደሜ ፈላ። ወተት ለእኔ መርዝ ነው። ሕፃን ሳለሁ አክስቴ አንድ ማንኪያ አጠጥታኝ ከሞት ነው የተረፍኩት፤ ሐኪሙ አለርጂ ነው፣ ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል ብሎ ጭን ላይ የሚወጋ መርፌ አዘዘልኝ፤ ያለ እሱ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ሰውዬው ይህን ከየት ያውቃል? ግን ያን ሰዓት ማን ያስባል! እጄን ባልዲ ውስጥ ነክሬ የአፌን አወረድኩበት። እሱ ቆሞ ሰማኝ። አልተቆጣም። ሲወጣልኝ ጨርቁን አንድ በአንድ ሰበሰበ፣ ጠረጴዛውን በምን እንደሚያጥብልኝ ጠየቀ፣ ጥርግ አድርጎ አጠበው፣ ይቅርታ ብሎ ሄደ። እኔም የተረፈኝን ቁጣ ማን ላይ እንደምወጣው ጠፍቶኝ ያበጠ እጄን እያየሁ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ተመለሰ። አልገባም፤ ከደጅ ቆሞ ገና ከሱቅ የወጣ አዲስ ጨርቅ አሳየኝ። ይሄኛው ምንም አልነካውም፣ እኔም እስከ ብብቴ ታጥቤ ሸሚዝ ቀይሬ ነው የመጣሁት አለ። ፀጉሩ እንኳ ገና እየተንጠባጠበ ነበር። ሳቅ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ጆሮው ቀላ።

ቤተሰቡ መንገዱ ማብቂያ ላይ ያለው አይብ ቤት ባለቤት ነው። አባቱ ሞተዋል፤ ሥራውን የሚያዙት እናቱ ናቸው፣ የሚያንቀሳቅሰው እሱ። በልጅነቱ ሲወድቅ እንኳ አያለቅስም ነበርና እናቱ «ረጋው» ብለውታል፤ ሰፈሩም በዚሁ ይጠራዋል። እኔን ደግሞ ቆይቶ «ቁጡዬ» ማለት ጀመረ። ማንም ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ መቀሴን አነሳበት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራውን ሲጨርስ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ይመጣና ከበሩ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ብዙ አያወራም። እኔ እያወራሁ እሰፋለሁ፣ እሱ እየሰማ ክር ይጠቀልልልኛል። ስለ ሥራው ስጠይቀው ግን ይከፈታል። አንድ ቀን አይብ ምን ምን እንደሚል ጠየቅኩት። ረጅም ጊዜ አሰበ። መጀመሪያ ጨው ጨው ይላል፣ ቀጥሎ ይኮመጥጣል፣ ዋጥ ካደረግሽው በኋላ ደግሞ ከኋላ ጣፋጭ ነገር ይመጣል አለ። ቅናት አንገበገበኝ፤ በቃ ተወው፣ አትንገረኝ አልኩት።

ክሩን አስቀመጠና፣ «እሠራልሻለሁ» አለ።

ያበደ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ካሹ የሚሉትን ነጭ፣ ቆልመም ያለ ለውዝ በከረጢት ይዞ መጣ። ከአይብ ቤቱ አንዲት ማንኪያ እንኳ አላመጣም፤ ጎድጓዳ ሳህኑንም፣ መፍጫውንም፣ ማጥለያውንም አዲስ ገዝቶ እኔው ዘንድ አስቀመጠ። ካሹውን ማታ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፍና ጠዋት አጥልሎ ይፈጨዋል። እርሾው የሚወጣው ከስንዴ ነበር። ስንዴውን ያበቅልና ውሃ ውስጥ ይተወዋል፤ ውሃው ውሎ አድሮ ይደፈርሳል፣ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ያንን ከተፈጨው ካሹ ጋር ቀላቅሎ እንዲብላላ ይተወዋል።

የመጀመሪያው ከመኮምጠጡ የተነሳ የጎረቤት ድመት አሽትታ ፊቷን አዞረችበት። ሁለተኛው ለግድግዳ ልስን ይሆን ነበር። ሦስተኛው ሻገተ። ከልጅነቱ ጀምሮ አይብ ሲሠራ ያደገ ሰው በአንድ እፍኝ ለውዝ ተሸነፈ። ሳቅኩበት። ካውያዬን አግለን ጠጋ ብናደርግለትስ፣ ሞቅ ሲለው ቶሎ ይጠጥር የለም ወይ አልኩት።

«እሳት ካየ እርሾው ይሞታል፤ የሚተርፍሽ ሾርባ ነው» አለ። «ወተት ራሱ መርጋት ይፈልጋል። ይሄ ግን ልመና ይፈልጋል።»

እኔም ለሳህኑ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጥጥ የገባበት ካፖርት ሰፋሁለት፣ እንዳይበርደው። ለካስ የጎደለው እሱ ኖሯል! የሚቀጥለው በደንብ ተብላላ። ረጋው ጨው አስገባበት፣ በጨርቅ ቋጥሮ የተሰፉ ቀሚሶች የምሰቅልበት ብረት ላይ አንጠለጠለው። ሲንጠባጠብ ከሰነበተ በኋላ የአክስቴን አሮጌ የከሰል ካውያ ጫነበት። ከጨርቁ ሲወጣ ነጭ፣ ክብ፣ የጨርቁ ሽመና የታተመበት ነገር ሆነ። በስፌት ክሬ ቆረጠው።

«ቅመሺ» አለኝ። ዓይኑን ከአፌ ላይ አልነቀለም።

ጨው ጨው አለኝ። ቀጥሎ ኮመጠጠኝ። ስውጠው ጊዜ፣ እንዳለው፣ ከኋላ የሆነ ጣፋጭ ነገር መጣ። እንባዬ ዱብ አለ። ሰው ሁሉ በልቶ ስለሚያወራው ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ከደጅ ቆሜ ነበር የምሰማው፤ ያን ቀን ገባሁ። እሱም ቆርሶ በላ። ሁለታችን ከአንድ ሳህን ስንበላ የመጀመሪያችን ነው።

እስከዚያ ድረስ ስሞኝ አያውቅም ነበር። አይብ የቀመሰ አፍ ለእኔ አደጋ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ዛሬ ጠዋት ቀምሰሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ካወቅኩሽ ጀምሮ ቀምሼ አላውቅም» አለ።

አይብ ሠሪ ሳይቀምስ እንዴት ይሠራል? በእጄ እየዳሰስኩ አውቀዋለሁ አለኝ። አላስጨረስኩትም፤ ሳምኩት።

ነገሩ ግን ሳይታወቅ አልቀረም። ደንበኞች ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ፤ እናቱም ልጃቸው የገዛ አይቡን መቅመስ መተዉን ሲያውቁ ክው አሉ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገራቸው፤ ላገባት እፈልጋለሁም አላቸው።

እናቱ አልጮኹም። እንደ ነገረኝ ከሆነ ወንበር ስበው ቁጭ አሉና ስለ አደራው አነሱበት። አደራ የሚሉት የቤታቸውን እርሾ ነው። ከእያንዳንዱ አይብ ጥቂት እያስቀሩ ለሚቀጥለው ይጠቀሙበታል፤ እንዲህ እየተባለ ከአማት ወደ ምራት ሲተላለፍ ኖሯል። ሴት ልጅ በጋብቻ ወደዚያ ቤት ስትገባ የሚሰጣት ሌላ ስጦታ የለም። እሳቸውም ከአማታቸው ነው የተቀበሉት። በቤቱ ውስጥ እርሾ ብሎ የሚጠራው እንኳ የለም፤ አደራው ነው የሚባለው።

«ወተት የማትነካ ሴት አምጥተህ አደራውን ለማን ልሰጥ ነው?» አሉት።

እሱም ምርጫው ይሄ ከሆነ ልብሴን ይዤ እወጣለሁ አላቸው። ይህን ሲነግረኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንጀቴን ግን በላው። እናት አላውቅም፤ ሰው በእኔ ምክንያት እናቱን ትቶ ሲወጣ ማየት አልፈልግም ነበር። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእሱ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ መኖር፣ ከአንድ ማዕድ መብላት፣ የእናቱም ደጅ ሳይዘጋብን።

ረጋው እንደ ልማዱ አልተከራከረም። ከካሹው አይብ ቆርጦ ወስዶ ፊታቸው አስቀመጠ። በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ አሸተቱት፣ ቀመሱት፣ ለረጅም ጊዜ አላመጡት።

«የታተመበትን ጨርቅ የቀመቀመው ማነው?» አሉ።

«እሷ ናት።»

«እጇ ጥሩ ነው» ብለው ተነሱ።

በቃ፣ ያን ቀን ያሉት ይህንኑ ነው። ውለው አድረው ግን ይጠይቁት ጀመር። ስንት ጊዜ ይዘፈዘፋል? ምን ይጫንበታል? እርሾውስ ከየት ነው? የስንዴ ውሃ ነው ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጣዕሙ ፈዘዝ ያለው ለዚህ ነው፣ ጉልበት የለውም አሉ። በመጨረሻም ልጅቷን አምጣት፣ አይቡን እኔ ራሴ በእጄ እሠራላታለሁ አሉት።

የሄድኩ ቀን ቤቱን አይቼ አፌን ይዤ ቀረሁ። መጋረጃዎቹ ወርደው ታጥበዋል። ወለሉ ተፍቆ ነጥቷል። ወደ አይብ ክፍሉ የሚያስገባው በር ተቆልፎ ሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ተወትፏል። ጠረጴዛው አዲስ፣ ሳህኑ አዲስ። እናቱ አጠር ያሉ ሰፊ ሴት ናቸው፤ እጃቸው በፍተጋ ብዛት ጣቶቹ ተልጠዋል። ለእኔ ሲሉ ነው ይህን ሁሉ የደከሙት፤ ደንግጬ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«አንቺ ነሽ ልጄን ቅምሻ ያስተውሽው?» አሉና ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው ሳቁ። «ነይ ተቀመጪ። መርፌሽን ይዘሻል አይደል?»

ይዤ ነበር። ለካ ረጋው ከመምጣቴ በፊት መርፌው እንዴት እንደሚወጋ ብርቱካን ላይ እያስወጋ አለማምዷቸው ኖሯል። እሱ ያን ቀን ደስታው ከፊቱ ይነበብ ነበር። ከጎኔ ተቀምጦ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘኝ፤ እናቱ አይተው እንዳላየ ሆኑ።

ከዚያ አይቡ ቀረበ። ከእኛው ይልቅ የጠጠረ፣ ጠርዙ ያማረ ነው። እናቱ ራሳቸው ቆርጠው አቀረቡልኝ።

«በሞቴ፣ ቅመሺልኝ።»

ጎረስኩ። ከእኛው ይጣፍጥ ነበር፤ እንዲያውም በጣም። ይህንኑ ስነግራቸው እንደ ልጅ ፊታቸው በራ። ደግሜ ቆረስኩ።

መጀመሪያ የምላሴ ጫፍ ቆጠቆጠኝ። ኮምጣጣነቱ ነው አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ ከንፈሬ ከበደኝ። ከዚያ ጉሮሮዬ ሲጠብ ተሰማኝና ነገሩን አወቅኩት። ልናገር ብል ድምፅ የለም። በእጄ ወደ ቦርሳዬ አመለከትኩ። ረጋው ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው፣ መርፌውን አነሳ፣ ክዳኑንም ነቀለ። ከዚያ ቆመ።

ያ መልኩ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። መርፌውን በእጁ ይዞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፣ እጁ ግን አይንቀሳቀስም። እኔ አየር አጥቼ ከወንበሩ ተንሸራተትኩ። እናቱ መርፌውን ከእጁ ነጠቁት፣ አጠገቤ በጉልበታቸው ወደቁ፣ በቀሚሴ ላይ ጭኔን ወጉኝ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላውቀውም፤ የመኪና ድምፅና «ልጄን፣ ልጄን» የሚል የሴት ድምፅ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

ስነቃ ሆስፒታል ነኝ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከኮሪደሩ የረጋው ድምፅ ይሰማኛል። ከፍ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«አጠገብሽ ቆሜ ስትፈጪ አይቻለሁ። ለደንበኞች አይብ ለማድረስ ከወጣሁ በኋላ ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም» አሉ እናቱ። «ምንም አልጨመርኩም። አደራውን ብቻ ነው። በማንኪያ ጫፍ።»

እያወሩት ነው የገባቸው። ያን ሁሉ ወለል የፈተጉ ሴት፣ በር ሥር እርጥብ ጨርቅ የወተፉ ሴት፣ አደራው ከወተት መሆኑ ትዝ ብሏቸው አያውቅም፤ በቤታቸው ማንም ወተት ብሎ ጠርቶት አያውቅማ። ለእሳቸው ምራት ስትመጣ የሚሰጣት ነገር ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ ገባኝ። ምራታቸው ያደረጉኝ ቀን ልሞት ደረስኩ። አለቀስኩ። ይቅር ለማለት ግን አፍታም አልፈጀብኝም፤ እሳቸው ከአልጋዬ ግርጌ ቆመው ልቅረብ አልቅረብ ሲሉ እጄን ዘረጋሁላቸው። መጀመሪያ ታጥቤ ልምጣ አሉኝ።

ረጋውም እናቱን ይቅር አለ። ይቅር ያላለው ራሱን ነው።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ እንደ ቀድሞው መምጣቱን አልተወም። ግን መጣ አይባልም። እጁን ከመታጠቡ ብዛት ቆዳው ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። የካሹውን አይብ ጓንት አጥልቆ ይሠራል፣ ስበላ ትንፋሹን ይዞ ያየኛል፣ እሱ ግን አይቀምስም። ክር አፌ ውስጥ ገብቶ ሳል ካለኝ ከበርጩማው ይነሳል፤ ተነስቶም የሚያደርገውን አያውቅም፣ ይቆማል። መሳም ቀረ። ሠርግ ማንሳትም ቀረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬን አቆምኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ምንድን ነው የፈራኸው?»

«እጄን» አለ።

ዝም አልኩት፤ ለእኔ ዝም ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እሱ ያውቃል።

«መርፌው በእጄ ነበር። እንዴት እንደሚወጋ አውቃለሁ፣ ለእሷ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። እናቴ ባትኖር ኖሮ ቆሜ ሳይሽ ትሞቺ ነበር።»

«ነበሩ እኮ። አልሞትኩም እኮ።»

ክፍሏን ዞር ዞር ብሎ አያት። «እዚህ ማን አለ? እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

ያን ጊዜ ተቆጣሁ። የታነቅኩት እኔ፣ አየር ያጣሁት እኔ፤ እኔ ካልፈራሁ አንተ ምን ቤት ነህ አልኩት። ነገ ልሞት ብችልም ዛሬ ካንተ ጋር መብላት ነው የምፈልገው አልኩት። እንግዲያውስ እናትህ ዘንድ እንኑር፣ እሳቸው አሉ አይደል አልኩት።

«እሷ ያለችበት ወተት አለ» አለ። «ወተት የሌለበት እሷ የለችም። ሌት ተቀን አስቤበታለሁ፤ አንቺ የምትኖሪበት ቤት አጣሁ።»

ቆይቶም ሥራ ማግኘቱን ነገረኝ። ሩቅ ከተማ ነው፣ ቀለም ፋብሪካ። እጁ ከማንም ሰው ሕይወት ጋር የማይገናኝበት ሥራ። አትሂድ አልኩት። ሰው ለምኜ የማላውቅ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደግሜ አትሂድ አልኩት። እንባው በዝምታ ወረደ፤ ሲወድቅ እንኳ የማያለቅሰው ልጅ አለቀሰ። ልያዝሽ አለና ጣቶቼን ያዘኝ። ሸካራ፣ ቀዝቃዛ እጅ ነበር። ከዚያ ሄደ። እወደው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ፣ ምን ብዬ እዋሻለሁ!

ክረምቱ አልፎ አንድ ጠዋት እናቱ ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ልግባ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከላይ እስከ ታች አዲስ ልብስ ለብሰዋል፣ ጫማቸው እንኳ አዲስ ነው። አይብ ቤቱን ዘግተዋል። ማድጋና ማሰሮውን ሁሉ ለሚፈልገው ሰጥተው ቤቱን እንደገና አስለስነውታል።

«አደራውስ?» አልኳቸው።

«ደፋሁት» አሉ። ከዚያ መደርደሪያዬን፣ ክሮቼን፣ ጣሪያውን እያዩ ቆዩ። «አሁን እኔ ያለሁበት ወተት የለም። ይህንኑ በስልክ ነገርኩት። ና፣ ሦስታችን አንድ ላይ እንሆናለን፣ አጠገባችሁ እኔ እሆናለሁ አልኩት።»

«ምን አለ?»

«እጄ ያው እጄ ነው አለ።»

የዚያ ቤት ሴቶች ሁሉ አደራ ፈስሷል፣ ልጁም አልመጣም። ሆዳቸው ሲብሳቸው አየሁና በርጩማዋን ሳብኩላቸው። ተቀምጠው ብዙ አለቀሱ፤ እኔም አጠገባቸው። ሲወጣላቸው ዓይናቸውን ጠርገው የስንዴው ውሃ እንዴት እንደሚዘጋጅ አሳዪኝ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይመጣሉ። እኔ እፈጫለሁ፣ እሳቸው ይቋጥራሉ። እጃቸው አይብ ያውቃል፤ ፈዘዝ ያለ ያሉትን እርሾ እንኳ ጣዕም አስወጡለት። አብረን እንበላለን። እማዬ ነው የምላቸው፤ ከእኔ በላይ ይቆጣሉ፣ ጠረጴዛዬ ላይ መርፌ ተበትኖ ካዩ አያድርስ ነው። የፈለግኩት ቤት ይኸው መጣልኝ፣ እሱ ብቻ ጎደለበት።

ረጋው ለእናቱ የሚደውለው እሑድ ነው። ደህንነታቸውን ይጠይቃል፣ ስለ ሥራው ትንሽ ይነግራቸዋል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ደህና ናት ወይ ይላል። ደህና ናት ይሉታል። አጠገባቸው መሆኔን አያውቅም፤ እሳቸውም አልነገሩትም፣ እኔም ንገሩት አላልኩም። ስሰማው አድራለሁ፣ በማግስቱ ስፌት አይሰምርልኝም።

ባለፈው እሑድ ስልኩ ሲጮህ የእናቱ እጅ እስከ አንጓው በተፈጨ ካሹ ውስጥ ነበር። በዓይናቸው ስልኩን አሳዩኝ። አነሳሁት።

«እማዬ» አለ። ደክሞታል። መልስ አልጠበቀም። «ደህና ናት?»

አፌን ከፈትኩ። ለማንም ተመልሶ የማያውቀው ምላሴ ደርቆ ቀረ። እናቱ አለመሆናቸውን አውቋል። ሊዘጋው ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ አልዘጋውም። ከወዲያ የፋብሪካ ማሽን ከሩቅ ይጮኻል።

«አንቺ ነሽ» አለ በመጨረሻ።

እንደምንም «እኔ ነኝ» ልለው ስል ቀደመኝ።

«አታውሪ፣ ቁጡዬ። ዝም ብለሽ ተንፍሺ።»

እናቱ ከሳህኑ ላይ ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን መታጠብ ረሱ። እኔም ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና፣ ሥራ ጠርተውት እስኪሄድ ድረስ፣ ተነፈስኩለት።